ፋጉሎ

ሰበታ ሐምሌ ነው፤ ጣራው ሌሊት ሙሉ በዝናብ ይመታል፣
መጭመቂያው ቢቆምም፣ የሞተሩ ትኩሳት
ግድግዳው ላይ አለ፤ እጄን ያሞቀኛል።

የመጣውን ኑግ ገና ከበሩ ላይ ጠርጥሬው ነበር፤
የጆንያው አፍ ሲፈታ ሽታው የከረመ ጓዳ፣
ፍሬው እርስ በርሱ ተያይዞ፣
እንደ ተማከረ ሌባ።

ደመላሽ ግን ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ፣
«ኑግ መሽተት ልማዱ ነው» አለ፣
«ፀሐይ ነካ አድርጉትና ይግባ።»

ፀሐይ ነካ አደረግነው። ሻጋታው ሞተ፤
አቧራ ሆኖ ከወንፊቱ በታች ወረደ፣
ሸምሱ ጠርጎ ደፋው፣ እጁን ታጠበ።
እኔ ግን ከተማርኩት ሁሉ አንድ ነገር አልጠፋኝም፦
ሻጋታ ይሞታል፣ ትቶት የሄደው አይሞትም።
እሳት አይፈራም፤ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው፤
ሻጋታው ሲቀር፣ መርዙ ነው የሚሻገረው።

ዘይቱን ከነጭ ሸክላ አፈር ጋር አሞቅሁት፣
አማሰልሁት፣ አጠለልሁት፣
መጋረጃውን ዘግቼ አምፖሏን አበራሁ።
በመጀመሪያው፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ፣
ቡታጋዝ ገና ሲያያዝ እንደሚመስለው።
በሁለተኛው፣ ቀጭን ክር።
በሦስተኛው፣ ጨለማ።

እንደዚያ ቀን ጨለማ ደስ ብሎኝ አያውቅም።
ደመላሽ ጠርሙሱን ወደ መብራት አነሳ፣
«ወርቅ!» አለ። ወርቅ ነበር፤ አልዋሸም።

ከዚያ ኦቦ ጉተማ፣ የሌሊት ጥበቃው፣
ባትሪያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።
«ዶክተር» አሉኝ፤
(ዶክተር አይደለሁም፤ ሦስት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ)
«ፋጉሎው እንደ ወትሮው ለዳለቻ ነው፣ አይደል?»

እጄ ላይ ያለው ጨርቅ ከበደኝ።
ማጣራት ማለት እኮ ማጥፋት አይደለም፤
ከዚህ አንስቶ እዚያ ማስቀመጥ ነው።
ዘይቱ የነጻው ፋጉሎው ስለ ተሸከመለት ነው።
ፋጉሎውን ላሟ ትበላለች፤
ላሟ የበላችውን በጡቷ ታወጣለች፤
ወተቱን ኦብሴ ትጠጣለች፣
ገና ሁለት ዓመቷ፣ «ውሃ» ማለት እንኳ የሚከብዳት።

በሰኔ ሁለት ጆንያ ሰጥቻቸዋለሁ።
ሳልመረምር። ትርፍ ነገር ነው ብዬ።
በማግስቱ በሃይላንድ ወተት አመጡልኝ፣
ክዳኑን በፌስታል ቁራጭ አጥብቀው።
እዚሁ ወንበር ላይ ጠጣሁት።
ጣፋጭ ነበር።

«የለም፣ ኦቦ» አልኋቸው፣ «ዛሬ አይሆንም።»
ዝም አሉ። ዝናቡ አወራልን።
«ለሌላ ሸጥሽው?»
እንዴት ብዬ ልንገራቸው፤
የማይሸት፣ የማይታይ፣ ከብት የማይሸሸው ነገር
በምን አፍ ይከለከላል?

እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው።
ከፋጉሎው ጨመቅሁ፣ ወረቀት ላይ አንጠበጠብሁ፣
አምፖሏን አበራሁ።
ሰማያዊው ወጣ፤ ወረቀቱን ሞላው፣
የሁለታችንንም ጥፍር ነካ።

«ያምራል» አሉ።
ቆይተው፣ በጣም ቆይተው፣
«ትናንት ማታም ጠጥታለች» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።
ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ነገ በሌላ መሣሪያ ይታያል፤
ቁጥር ለሕፃን ምን እንደሚል ግን
መሣሪያው አይናገርም።

ወጥተን ጆንያዎቹ ጋ ሄድን፣ ሸራው ሥር፣ ግንቡ ጥግ።
በማርከር ጻፍኩ፦ ለከብት አይሰጥ።
ዝናቡ ፊደሉን አወረደው፤
«ለ» ብቻ ቀረ።
እንደገና ጻፍኩ።
በሁለት ሰዓት ደመላሽ ይመጣል፤
ጆንያው በኪሎ ስንት እንደሚያወጣ ያውቃል።
ኦቦ ጉተማ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤
ኮታቸውን አውልቀው በላዬ ከለሉ፣
ባትሪያቸውንም እጄ ላይ አበሩልኝ።